መቀመጫው በማን ልክ ተሠራ?

ስለ መቀመጫ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢያን ቀላል ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ከዚህ የሚበልጥ ስንት ጉዳይ እያለ ተማሪዎችን ስለ ወንበር ምን አነታረካቸው የሚሉም አይጠፉም። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ትምህርትም ሆነ ሕክምና፣ ፍርድም ሆነ ጉዞ ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ተቀመጥ» የሚል ነው። የሚቀመጥበት ለአካሉ ካልሆነ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ በጎደሎ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጉዳዩን ቀላል ነው ብለን አናልፈውም።

ከሰኮሩ እስከ ጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተማሪው ለትምህርቱ፣ ነጋዴው ለቡናው፣ ሕመምተኛው ለሕክምናው በደነባ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ይመላለስበታል። በሚኒባሱ ለሦስት ሰው የተሠራ መደዳ ላይ አራተኛ ሲጨመር ረዳቱ «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ» ይላል። ወዴት ይጠጉ? ረጅሙ ሰው ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር እየተጋጨ ይጓዛል። የአጭሯ እናት እግር ወለሉን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይደነዝዛል። ነፍሰ ጡሯ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትሄዳለች። ሰውነቷ ሞላ ያለው ሴት ደግሞ የሁለት ሰው ሒሳብ ክፈይ ትባላለች፤ ተሳፋሪውም ይስቅባታል። ልብ እንበል! የጠበበው መቀመጫው ሆኖ ሳለ የምታፍረው ሴትዮዋ ናት።

ይኸው ነገር በትምህርት ቤትም አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሰባት ዓመቱ ሕፃንና የአሥራ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ በአንድ ቁመት በተሠራ ዴስክ ይቀመጣሉ። አንዱ አገጩን ከዴስኩ በላይ ለማድረስ ይንጠራራል፤ ሌላው እንደ ሽማግሌ ይጎብጣል። ኮሌጅ ሲደርስም መጻፊያው ከቀኝ በኩል የተጋጠመበት ወንበር ይጠብቀዋል። ግራኙ ተጠማዞ ይጽፋል፤ ወፍራሙ ተማሪ ከነጭራሹ አይገባበትም፤ ቆሞ እንዳይማር ከኋላ ሌላ ወንበር ይለምናል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መቀመጫው «ለአማካይ ሰው» ስለሚታዘዝ ነው። እንግዲህ ይህ አማካይ ሰው ማን ነው? በአሜሪካ አየር ኃይል ጊልበርት ዳንየልስ የተባለ መኮንን ይህንኑ ጥያቄ መርምሮ ነበር። የ4,063 አብራሪዎችን ልክ ይዞ፣ በአሥር የአካል መለኪያዎች ሁሉ ከአማካዩ የሚጠጋ ስንት እንደ ሆነ ቆጠረ። በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ አንድም ሰው አልተገኘም። ተመርጠው በተቀጠሩ ወጣት ወንዶች መካከል ያልተገኘ አማካይ ሰው፣ ሕፃንና አሮጊት፣ ነፍሰ ጡርና አካል ጉዳተኛ በሚሳፈሩበት መኪና ውስጥ ከየት ይመጣል?

መፍትሔውን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የጅማ ጠራቢ በርጩማውን ከአንድ ግንድ በሦስት እግር ሲያወጣው መቀመጫውን ጎድጎድ አድርጎ ለሰውነት ያለዝበዋል። ለሽማግሌው ከፍና ሰፋ ያለውን፣ ቡና ለምታፈላው ዝቅ ያለውን ይሠራል። ደንበኛውን አይቶ የሚጠርብ ሰው «አንተ ለወንበሬ አትሆንም» አይልም። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቁመት ከሁለት ሜትር በላይ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ዛሬ ከሰኮሩ ጅማ ቢሳፈሩ ጉልበታቸውን የት ያደርጉት ነበር? ለንጉሥ የሚለካ እጅ ለተማሪና ለገበሬ የማይለካበት ምክንያት አይታየንም።

«አገሩ ድኻ ነው፤ መቀመጫ መገኘቱም ይበቃል» የሚሉን አሉ። ብዙ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው የተማሩበት አገር ስለሆነ ይህን ክርክር አንንቀውም። ነገር ግን መቶ ዴስክ የሚያዝ መሥሪያ ቤት ሠላሳውን ዝቅ፣ አርባውን መካከለኛ፣ ሠላሳውን ከፍ አድርገህ ሥራ ቢል የሚጨምረው እንጨት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚጨምረው ሐሳብ ነው። በአውሮፓ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ መለኪያ መጠኑን ከ0 እስከ 7 ይከፍለዋል። እኛ ስምንቱን አልጠየቅንም፤ ሦስቱ ይበቁናል።

ሕግም ቢሆን መንገዱን ጀምሮታል። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። መልካም ነው። ሆኖም ሰውየው በበሩ ከገባ በኋላ የት ይቀመጣል?

ስለሆነም የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ ትምህርት ቤቶች ዴስክ ሲያሠሩ ቢያንስ በሦስት ቁመት ይዘዙ፤ ኮሌጆችም በየክፍሉ የግራኝ ወንበርና መጻፊያ ያልተጋጠመበት ሰፊ ወንበር ያስቀምጡ።

2ኛ/ በጤና ተቋማትና በመናኸሪያዎች መጠበቂያ ከአግዳሚው ጎን መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ ይኑር፤ ጉልበቱ የደከመ ሰው ተደግፎ እንዲነሣ።

3ኛ/ ለሦስት በተሠራ መደዳ ሦስት ሰው ብቻ ይጫን፤ በሰውነቱ መጠን ምክንያት ማንም ተጨማሪ ሒሳብ አይጠየቅ።

4ኛ/ ተሳፋሪ ወንድሞችና እኅቶችም በጠበበ ወንበር ላይ እንጂ በሰው አካል ላይ መሳቅን ይተዉ።

ሦስተኛው ጥያቄያችን የባለመኪናውን ገቢ እንደሚነካ እናውቃለን፤ ታሪፉ ሲወሰን ይህ አብሮ ይታሰብ። የአራተኛው ሰው ሒሳብ ግን እስከ ዛሬም በነጻ አልመጣም፤ በነፍሰ ጡሯ ወገብና በሽማግሌው ጉልበት ሲከፈል ኖሯል። ከእንግዲህ ሰው በወንበር ልክ አይቆረጥ፤ ወንበሩ በሰው ልክ ይሠራ!