የዐይን ገጽ ሕመምና ምስል፦ የስልክ ፎቶ የማያሳየው

በጉለሌ ክፍለ ከተማ እንደሚገኘው ሸጎሌ ተሽከርካሪና አቧራ በማይጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው፣ የቀላ ዐይንን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለመድኃኒት ቤት ወይም ለሚያውቁት ባለሙያ መላክ ዛሬ የደቂቃ ሥራ ነው። ምስል ለዐይን ሕክምና ባዕድ አይደለም፤ የብሌንና የዐይን ሽፋን ሕመሞች የሚለዩትም ሆነ ክትትል የሚደረግባቸው በከፊል በምስል ነው። ልዩነት የሚያመጣው ምስሉን ማን፣ በምን መሣሪያና በምን ዓይነት ብርሃን አነሣው የሚለው ነው።

የቀላ ዐይን በፎቶ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። አለርጂ፣ የቫይረስ ወይም የባክቴሪያ ልክፈት፣ የብሌን ቁስለት፣ በድንገት የሚከሰት የዐይን ግፊት መጨመር ሁሉም ዐይንን ያቀላሉ። የስልኩ ብልጭታ ነጸብራቅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በብሌኑ መሐል አካባቢ ስለሆነ እዚያ ያለን ቁስለት ሊሸፍን ይችላል። የክፍሉ አምፖል ቢጫ ከሆነም የዐይኑ ቀለም ይዛባል።

ጉዳቱ የሚጀምረው በዚህ ፎቶ መነሻነት ጠብታ ሲገዛ ነው። ዴክሳሜታዞንን የመሰሉ ስቴሮይዶች ያሉባቸው ጠብታዎች ቅላቱን በፍጥነት ስለሚያበርዱ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል። የቅላቱ ምክንያት ፈንገስ ወይም የሄርፒስ ቫይረስ ያመጣው ቁስለት ከሆነ ግን፣ ስቴሮይዱ የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ ቁስለቱ እንዲሰፋ ያደርጋል። ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ ደግሞ የዐይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ለግላኮማ፣ እንዲሁም ለሞራ ግርዶሽ ሊዳርግ ይችላል። የዐይን ግፊት በየትኛውም ፎቶ አይታይም። ይበልጥ የሚያሳስቡት አለርጂ በየጊዜው የሚያገረሽባቸው ልጆች ናቸው፤ ጠብታው እፎይታ ስለሚሰጣቸው ወላጅ ያንኑ ጠርሙስ ደጋግሞ ለመግዛት ይገፋፋል።

በዐይን ክሊኒክ የሚነሣው ምስል ከዚህ የተለየ ነው። ስሊት ላምፕ የተባለው መሣሪያ ቀጭን የብርሃን ጨረር በዐይኑ ላይ አሳርፎ አጉልቶ ያሳያል፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሚገባ የብሌኑ ውፍረትና የቁስለቱ ጥልቀት ይታወቃል። ፍሎረሰሲን የተባለው ብርቱካንማ ቀለም ዐይን ውስጥ ገብቶ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት፣ የብሌኑ የላይኛው ሽፋን የተላጠበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በመሣሪያው ላይ ካሜራ ከተገጠመ ይኸው እይታ ተቀርጾ ይቀመጣል። የብሌንን ኩርባ እንደ ካርታ የሚያነሣው ቶፖግራፊም አለ። ብሌኑ እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበትን ኬራቶኮነስ የተባለ ሕመም ገና በጅምሩ ለመለየት ይጠቅማል፤ ዐይናቸውን አዘውትረው የሚያሹ የአለርጂ ታማሚ ልጆች ለዚህ ሕመም ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ቶፖግራፊ በየጤና ተቋሙ የሚገኝ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የቀላ ዐይንም አያስፈልግም።

ምስል ከአንድ ታማሚ አልፎ ለሕዝብ ጤና ምን እንደሚረዳ ኢትዮጵያ ያየችው በትራኮማ ሥራ ላይ ነው። ትራኮማ ማጥፋት የሚጠይቀው ሥራ ካልተጠናቀቀባቸው አካባቢዎች ነዋሪዎች መካከል በዓለም ትልቁን ድርሻ የያዘችው ኢትዮጵያ ናት። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. በተጀመረው የአዚትሮማይሲን ዕደላ ጥናት የሕፃናቱ የላይኛው የዐይን ቆብ እየተገለበጠ ፎቶ ተነሥቷል። በዚህ መንገድ የተነሣ ፎቶ፣ ሕፃኑ ከየት መንደር እንደሆነ የማያውቅ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ዐይን ዳግም እንዲመዝን ያስችላል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች የተመረመሩበት፣ በኦሮሚያ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራም ስማርት ስልክ ተጠቅሟል። ስልኩ ግን ያገለገለው መረጃ ለመመዝገብ ነው፤ ዐይኑን ያየው የሠለጠነ ባለሙያ በማጉያ መነጽር ነበር።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት በላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ መሐል ላይ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ እባጮች መቆጠር አለባቸው። ቆቡ ሳይገለበጥ ቤት ውስጥ የተነሣ ፎቶ ይህን ሊያሳይ አይችልም። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ይህ ምልክት ከ5 በመቶ በታች መውረድ ይኖርበታል፤ በሽታው በቀነሰ ቁጥር ደግሞ መርማሪዎች የሚሠለጥኑበት ታማሚ ስለሚያጥር ጥራት ያለው ፎቶ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የገጠር ብቻ አይደለም። ከገጠር መጥተው በሸጎሌም ሆነ በሌላ የከተማዋ ሰፈር ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አረጋውያን፣ በተለይም እናቶች፣ የዐይን ቆብ ፀጉር መቀልበስ ሊኖርባቸው ይችላል። ፀጉሩን በወረንጦ የሚነቅሉም አሉ። ከተነቀለ በኋላ የተነሣ ፎቶ ጤነኛ ዐይን ያሳያል፤ ፀጉሩ መልሶ ሲበቅል ግን ብሌኑን መፋቁ ይቀጥላል፣ ጠባሳውም እየጠነከረ ይሄዳል። መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ብርሃንና ርቀት የተነሡ ምስሎች ፀጉሩ ተመልሶ መቀልበሱን ለማወቅ ይረዳሉ።

በክትትል ላይ የስልክ ፎቶም ቦታ አለው። በቀጠሮ ቀን የሚጠፋ እብጠትን ወይም ቅላትን፣ ቀኑንና የትኛው ዐይን እንደሆነ ከመዘገቡበት ጋር በፎቶ ይዞ መቅረብ ባለሙያውን ያግዛል። ነገር ግን ሕመም የበረታበት፣ እይታ የቀነሰበት፣ ብርሃን መመልከት ያቃተው ወይም በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ የታየበት ሰው ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ የለበትም፤ በዕለቱ መታየት አለበት። ኬሚካል የገባበት ዐይን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል።

ለሸጎሌ ነዋሪ መነሻው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው፤ በተለይ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የታቀፈ ሰው የሪፈራል ወረቀቱን መያዝ ይኖርበታል። በዚያው ክፍለ ከተማ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የዐይን ሕክምና ክፍል አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የዐይን ሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ ብሌናቸው በጠባሳ ለታወረ ሰዎች የተለገሰ ብሌን የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ዐይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚያው ነው። ታማሚው ሲሄድ የቀድሞ ካርዱንና የተጠቀመበትን የጠብታ ጠርሙስ ራሱን ይያዝ። የተነሣለት ምስል በካርዱ ላይ መመዝገቡን፣ ወደ ሌላ ተቋም ሲላክም አብሮት መሄድ አለመሄዱን ይጠይቅ። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ በመሆኑ፣ የዐይኑ ምስል ከሕክምናው ውጭ ለሌላ ዓላማ ሲፈለግ ለምን እንደሆነ እንዲነገረውና ፈቃዱ እንዲጠየቅ መጠየቅ ይገባዋል።