የተሸናፊ መብት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሳሎን ቁጭ ብሎ ከማያውቀው ሰው ጋር በኢንተርኔት የኳስ ጌም ሲጫወት አራት ለዜሮ ተሸነፈ። ማጫወቻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተጋጣሚውን አሰላለፍ ትንሽ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ታውቃለህ?» አለኝ። ስለ መከላከሉም ሆነ ስለ ቅብብሉ አንድም ነገር አላነሳም። ያኛው በገንዘቡ የገዛቸውን ተጫዋቾች አሰልፏል፤ የእሱ ቡድን ደግሞ በትዕግሥት ያጠራቀመው ነው። ያሳዘነኝ ልጁ አለመሳሳቱ ነው።

እኛ ያደግነው ጆተኒ ላይ ነው። የሰፈራችን ጆተኒ አንዱ ብረት የተጣመመ ነበር፤ ቢሆንም ጎን እየተቀያየርን ስለምንጫወት ጉዳቱ ለሁላችንም ይደርሰን ነበር። ተሸናፊ ይከፍላል። የሚከፈለው ግን ለጨዋታው ነው፤ ሳንቲም ጨምሮ ተከላካይ ያስጨመረ ልጅ አላየሁም። የተሸነፈው ዳር ቆሞ የአሸናፊውን እጅ ያጠናል፣ በሳምንቱ ያቺኑ ኳስ ያድናታል። ሽንፈት ትምህርት የሚሆነው ምክንያቱ እጅህ ላይ ሲሆን ነው።

በገንዘብ ብልጫ የመግዛቱ ነገር ዓለምን ያነጋገረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ነበር። ጌሙ ራሱ 60 ዶላር ነበር። ይህን ከፍሎ የገባ ሰው ዳርዝ ቬደር የተባለውን ገጸ ባሕርይ ለማስከፈት 60,000 ክሬዲት (የጌሙን ገንዘብ) ማጠራቀም ነበረበት፤ አንድ ተጫዋች ሲያሰላው ወደ 40 ሰዓት ጨዋታ ሆነ። የባሰው ግን ሳጥኑ ነበር። በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛው ሳጥን ሲከፈት ካርዶች ይወጡ ነበር፤ ካርዶቹም ጌጥ ሳይሆኑ ጉልበት ነበሩ፤ ያለው ሰው ከሌለው የተሻለ ይዋጋ ነበር። አምራቹ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ዓላማችን ተጫዋቹ ለፍቶ ሲያስከፍት ኩራት እንዲሰማው ነው ብሎ ሬዲት በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሰጠው መልስ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ወረደበት። ኩባንያው የቬደርን ዋጋ በ75 በመቶ ቀነሰ፤ ጌሙ በይፋ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ በጌሙ ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚካሄደውን ሽያጭ አቋረጠ። በቀጣዩ ዓመት ሽያጩ ሲመለስ በገንዘብ የሚገዛው መልክና አለባበስ ብቻ ሆነ።

ሥራ ውሎ የሚመጣ ሰው 40 ሰዓት ከየት ያመጣል፣ ቢከፍል ምን አለበት የሚሉ አሉ። ድካሙ ይገባኛል፤ እኔም ሠርቶ አዳሪ ነኝ። ነገር ግን ያንን 40 ሰዓት የቆለለው ማን ነው? መንገዱን ያረዘመውም አቋራጩን የሚሸጠውም አንድ ሰው ነው። ብቻዬን የምጫወተው ጌም ከሆነ የገዛሁት አቋራጭ ማንንም አይጎዳም። ፊት ለፊቴ ሌላ ሰው ካለ ግን በእሱ ትከሻ ላይ ተረማምጄ ነው የማልፈው።

ኩባንያዎች ብልጫ ካልሸጡ አይኖሩም የሚለውን ደግሞ «ዶታ 2» የተባለው ጌም አፍርሶታል። ጌሙ ነፃ ነው፣ ጀግኖቹም በሙሉ ክፍት ናቸው፤ የሚሸጠው ጌጣጌጥና የመሳሰለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ውድድሩ ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር ያለፈው ተጫዋቾች ወደውና ፈቅደው በገዙት ነው።

ካርድ ያለው ሰው አውቃለሁ፤ አልነገርኩትም። ሁለተኛውን ማጫወቻ አንስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ቡድን መረጥን። ሦስት ለአንድ አሸነፈኝና «ጋሼ፣ በረኛህን ቶሎ ታስወጣለህ» አለኝ።