ነገርን ከሥሩ፣ አውሮፕላንን ከፎቶው

ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ ፖለቲካም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ትንንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላኖች ነው። «ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜ አሻንጉሊት?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ የሞዴል ኪት ማለት የአንድ እውነተኛ አውሮፕላን ክፍሎች በትንሹ ተሠርተው በሳጥን የሚሸጡበት ነው። ቆርጣችሁ፣ በሙጫ አያይዛችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ ትጨርሱታላችሁ። በብዛት የሚገኘው መጠን 1/72 ነው። ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት እውነተኛው ላይ 7.2 ሴንቲሜትር ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ የሆነው ሲ-47 ጠረጴዛ ላይ 40 ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እኔ የምለው፦ ሙጫውን ከመክፈት በፊት መመርመር ያስፈልጋል፤ በተለይ የድሮ ኪት ከሆነ፤ በተለይ ደግሞ አውሮፕላኑ የኛ ከሆነ። ብዙ ልጆች ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕልና ውስጡ ያለውን የመመሪያ ወረቀት እንደ መጨረሻ ቃል ይወስዱታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት አባቶቻችን ይሄንንም የሚያጠቃልል ይመስለኛል። ከብዙዎቹ የድሮ ኪቶች ሻጋታው ከተቀረጸ 50 እና 60 ዓመት ያለፈው አለ። ያኔ የነበረው መረጃ ትንሽ ነው። ሪቬቱ እንደ ምስር ፍሬ ጎልቶ ይወጣል፤ እውነተኛው ላይ ግን ከጥቂት ሜትር ርቀት እንኳ በደንብ አይታይም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ከስዊድን ሳብ 17 የተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን መግዛት ጀመረ። ያኔ አየር ኃይሉን ያደራጁት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ናቸው። እኚህ ሰው ቀደም ብሎ በጣሊያን ወረራ ጊዜም ለቀይ መስቀል የቁስለኛ አውሮፕላን ያበረሩልን ናቸው። ስዊድኖች ሳብ 17ን በሦስት ዓይነት ሞተር ሠርተውታል። «ኤ» የተባለው በአሜሪካው ትዊን ዋስፕ፣ «ቢ» በእንግሊዙ ሜርኩሪ፣ «ሲ» በጣሊያኑ ፒያጆ። ወደኛ የመጣው «ኤ» ነው። ታዲያ አንድ ልጅ የ«ቢ»ን ኪት ገዝቶ የኢትዮጵያ ምልክት ቢለጥፍበት፣ አፍንጫው የሌላ አውሮፕላን ነው። ሰውን በሌላ ሰው ፊት እንደ መሣል በሉት።

ደግሞ ሌላ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ፣ በሲ-47 ነው። ሲ-47 የዲሲ-3 የወታደር ወንድም ነው፤ ለጭነት የሚሆን ሰፊ ድርብ በር አለው። በሩ ያለው በግራ ጎኑ፣ ወደ ኋላ ነው። ይሄን ካወቃችሁ አንድ ብልሃት ታገኛላችሁ። ያገኛችሁት የድሮ ፎቶ ላይ ያ ሰፊ በር በቀኝ ጎኑ ከታየ፣ ፎቶው ሲታተም ተገልብጧል ማለት ነው። ከዚያ ፎቶ የምትወስዱት ነገር ሁሉ ግራና ቀኙ የተምታታ ይሆናል።

የቀለሙ ጉዳይ ከሁሉ ይብሳል። በ1920ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) ብዙ ፎቶ የሚነሣው ኦርቶክሮማቲክ በሚባል ፊልም ነበር። ይሄ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም። ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ቢጫውም ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ግን ይነጣል። ፓንክሮማቲክ የተባለው ፊልም ሁሉንም ቀለም ስለሚያይ ውጤቱ ይለያል። እንግዲህ አስቡት፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ የአውሮፕላን ጭራ በሁለቱ ፊልሞች ቢነሣ ሁለት የተለያዩ አውሮፕላኖች ይመስላል። የፊልሙን ዓይነት ሳያውቅ «ይሄ ግራጫ ቢጫ ነው» ብሎ የሚምል ሰው በግምት ነው የሚምለው።

በዚህ ላይ ደግሞ የዘመኑ ጉድ መጣላችሁ። በየቴሌግራሙ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በማሽን ቀለም ተቀብቶ ይዞራል። ያምራል፣ አልክድም። ግን ማሽኑ ቀለሙን አላየውም፤ ገምቶ ነው የቀባው። ያንን አይቶ ልጁ ሞዴሉን ይቀባል፣ የሞዴሉ ፎቶ ደግሞ ይለጠፋል፣ ነገ ሌላው «ማስረጃ አለኝ» ይላል። ግምት በግምት ላይ ተደርቦ ታሪክ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም።

«ጸሐይ»ን አስታውሱ። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ትንሽ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ናት። ጣሊያን ወሰዳት፤ ከሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆየች፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰችልን። ደስ ያላለው ማን አለ? ግን እሷን በትንሹ ልሥራ የሚል ልጅ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ዛሬ የምናየው ቀለም የ1928ቱ ነው ወይስ በኋላ የተቀባ? በየሙዚየሙ አውሮፕላን ሲታደስ እንደገና መቀባቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ አካሏ ቅርጿን ይመሰክራል፤ ለቀለሙ ግን የዘመኑ ፎቶና ጽሑፍ መፈለግ ግድ ነው።

«ኧረ ቲቸር፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ለመዝናናት የሚሠራን ነገር ምን አስጨነቃችሁ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ ለመዝናናት የሚሠራ ሰው እንደፈለገ ይሥራ። ሮዝም ቢቀባው መብቱ ነው። የሌላውን ሥራ እያዩ ሪቬት የሚቆጥሩ፣ ጀማሪውን የሚያሸማቅቁ ሰዎችም አልወድም። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ከሞዴሉ ሥር «የኢትዮጵያ አየር ኃይል፣ ይህ ዓመት» ብለን ከጻፍን ቃል ሰጥተናል። ቃል የሰጠ ሰው ማጣራት አለበት።

ማጣሪያው ቀላል ነው። «አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ቀን» ብላችሁ ምረጡ። ያው አውሮፕላን በአምስት ዓመት ውስጥ ቀለሙም ቁጥሩም ሊቀየር ይችላል። ከዚያ የዚያን አውሮፕላን ቀኑ የታወቀ ፎቶ ፈልጉ። ቀጥሎ የፋብሪካው መመሪያና ንድፍ። ቀጥሎ በሕይወት ያለው አውሮፕላን ራሱ። የሰው ትዝታ ስለ አሠራሩና ስለ ኑሮው ድንቅ ነው፤ ስለ ቀለም ግን ይሸውዳል። የሌላ ሰው ሞዴል መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው።

የኛ ችግር ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው መጽሐፉ በየዓይነቱ ተጽፎለታል። የኛ ግን ያለው ቢሾፍቱና አዲስ አበባ፣ በጡረተኛ መካኒኮችና አብራሪዎች ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ ባለ አልበም ውስጥ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የአባቱን አልበም አምጥቶ አሳይቶኝ ነበር። አባቱ መካኒክ ነበሩ። አንዷ ፎቶ ላይ አምስት ወጣቶች ሳብ 17 ክንፍ ሥር ቆመዋል፤ የእግሩ ትልቅ መሸፈኛ በግልጽ ይታያል። ያ መሸፈኛ አውሮፕላኑ ሲወረወር እንደ ፍሬን ያገለግል የነበረ ነው። ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ የአምስቱም ስም ተጽፏል። ለኔ የመሸፈኛው ቅርጽ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ልጁ ግን ስሞቹን ሲያነብ ድምፁ ተለወጠ። አንደኛው የክርስትና አባቱ ኖረዋል፤ አውሮፕላን ነክተው እንደሚያውቁ እንኳ አያውቅም ነበር።

ዝርዝር ስትፈልጉ የምታገኙት ሰው ነው። አውሮፕላኑን የነዳ፣ ጎማውን የቀየረ፣ ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ሰው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ ጎረቤታችሁ በአየር ኃይል ወይም በአየር መንገድ ያገለገሉ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አልበሙን አብራችሁ ግለጡ። ፎቶውን በስልክ አትተኩሱት፤ በስካነር፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ቃኙት። አትቁረጡት፣ አታሳምሩት፣ ቀለም አትቀቡት። «ይሄ ማነው? የት ነው? መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉት። ቤት ሲቀየር፣ ሐዘን ሲነሣ፣ ስንት አልበም ከቆሻሻ ጋር እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

ያገኛችሁትን፣ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፣ እዚሁ አስተያየት ላይ አስቀምጡት። ሞዴል ለሚሠሩ ልጆች እኔ አደርሰዋለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።