ፀሐይ ያተመችው አረም

አረም ስንል ፍርዱን አብረን ሰጥተናል፤ ማንም ያልዘራው፣ ገበሬው ነቅሎ ዳር የሚጥለው ማለታችን ነው። የባሕር አረምም ከስሙ ጋር ንቀቱን ወርሷል። እኔ ግን ለሠዓሊ ከሸክላና ከእብነ በረድ የማይተናነስ ቁስ ነው እላለሁ፤ በጉልበት አይገራምና ጠባዩን አጥንቶ የሚታገሥ እጅ ይፈልጋል። ማስረጃዬ እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ ናት። ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1841 ስለ ብሪታንያ የባሕር አረሞች ያሳተመው መጽሐፍ ሥዕል ስላልነበረው አንባቢው አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው በቃላት ብቻ ነበር። አትኪንስ ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1843 ጀምራ ዐሥር ዓመት ለፋች። ጆን ኸርሸል በ1842 ባገኘው ዘዴ ወረቀቱን በብረት ጨዎች ቀብታ ጨለማ ውስጥ ታደርቃለች፤ የደረቀውን አረም አስተኝታበት ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች፤ ከዚያ በውኃ ታጥበዋለች። ብርሃን ያገኘው ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ አረሙ የከለለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሚደንቀው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ቅጠሉ በሳሳበት ብርሃን ሾልኮ ነጩን ፈዛዛ ሰማያዊ ያለብሰዋል፣ በተደራረበበት ደግሞ ነጩ ይጠራል። እንደ ፀጉር የቀጠነች ቅርንጫፍ እንኳ አልጠፋችም።

“ይህ የዕፅዋት ጥናት ነው፤ ሥዕሉንም የሠራችው ፀሐይ ናት” የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ አትኪንስ ራሷ የተነሣችው ለሳይንስ ነበርና። ነገር ግን የባሕር አረም ከውኃ ሲወጣ ተጣብቆ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይከማቻል። መልኩን መልሶ ለማግኘት ውኃ ላይ አንሳፍፎ፣ ወረቀት ከሥሩ አስገብቶ፣ ቅርንጫፉን አንድ በአንድ መለያየት ይጠይቃል። ገጹ ላይ የት ይረፍ፣ ምን ያህል ባዶ ቦታ ይተውለት፣ ከፀሐይ መቼ ይነሣ የሚለውን የወሰነው ሰው ነው። ሸማኔ ጥጡን አላበቀለም ብለን ጥበቡን አንነፍገውም።

በዘመናችን በጀርመን የተወለደችው ዲዛይነር ዩሊያ ሎማን እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ “የባሕር አረም መምሪያ” ያለችውን ክፍል ከፍታ፣ ኬልፕ የሚባለውን ትልቅ የባሕር አረም ራታን ከሚባል ተጣጣፊ ሐረግ በተሠራ አጥንት ላይ እንደ ቆዳ ወጠረች። የአካባቢ ጥበቃ ፋሽን ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ፋሽን ግን ቁሱን እንዳሻው ያዝዛል፤ ኬልፕ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ እንደለሰለሰ የሚቆይበትን መንገድ መፈለግ ነበረባት፤ ቅርጹንም የሚወስነው የቅጠሉ ስፋትና አጥንቱ ነው። መብራት ከኋላው ሲበራ የተወጠረው ቅጠል ማር ይመስላል፤ የጨው ጠባሳውና ቀዳዳው ሳይቀር ይታያል።