ለኮንቴይነር አወዳሽ የተሰጠ መልስ

ባለፈው የንባብ ምሽት አንድ ወዳጃችን ተነሥቶ «ኮንቴይነር የዘመናችን ጎጆ ነው» አለን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ አልዋሽም። ማታ ዶርም ገብቼ ጋደም ስል ግን ያጨበጨበውን እጄን ታዘብኩት። ይኸው መልሴ።

በመጀመሪያ፣ ኮንቴይነርን ከሚጠሉት ወገን እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ። «ከተማውን አበላሸው፣ ዝገቱ ዓይን ይወጋል» የሚሉት ሰዎች ስኳርና ሳሙናቸውን የሚገዙት ከዚያው ከዛገው ሳጥን ነው። እኛስ ብንሆን? ከግቢያችን በር ወጣ ብላችሁ እስቲ ቁጠሩ። ሃንድአውት የምናስባዛው ኮንቴይነር ውስጥ፤ ፀጉር የምንቆረጠው ኮንቴይነር ውስጥ፤ ጫማ የምናሰፋው፣ ሻይ በዱቤ የምንጠጣው እዚያው። ይቺም ጽሑፍ እጃችሁ የገባችው በዚያው በኩል ነው። ፎቶ ኮፒ የሚያደርጉልን እትዬ ባዶውን ሳጥን ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር በያጅ ጠርተው ጎኑን ማስቆረጥ ነበር። የተቆረጠው ላሜራ ቀን ከፍ ብሎ ጥላ ይሆናል፤ ማታ ወርዶ ይዘጋል። ቁልፉ ከእርሳቸው ጋር ነው። እንዲህ ያለውን ኮንቴይነር ማንም ቢያወድስ አብሬ አወድሳለሁ።

ወዳጃችን ግን ያወደሰው ሌላውን ነው። የውጭ መጽሔት ገልጦ አምስተርዳምን አሳየን። እውነት ነው፣ ኬትዎነን በተባለው ሰፈር 1,000 ያህል የተማሪ ክፍሎች በኮንቴይነር ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጠናቀዋል። ታዲያ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መታጠቢያ ነበረው፤ ማብሰያ ነበረው፤ ሰፊ መስኮት ነበረው። ይህ ሁሉ ከተጨመረ በኋላ ከኮንቴይነሩ የቀረው ስሙ እኮ ነው! በስሙ ተታለን የእኛን ደረቅ ሳጥን «ጎጆ» ብንለው፣ መስኮት የመቁረጥ ግዴታ ያለበት ሰው ሁሉ እፎይ ይላል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት፣ አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ሳጥኖች አስጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂዩስተን የላከው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ያን ጊዜ አንድ ቶን ዕቃ በሰው ጉልበት መርከብ ላይ ለመጫን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይፈጅ ነበር ይባላል፤ በሳጥኑ 16 ሳንቲም ገደማ ሆነ። የወደቡ ተሸካሚ እንጀራ የት እንደ ሄደ ለሌላ ጊዜ ላቆየው። ለዛሬ የሚበቃኝ በሩ ነው። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ ከ2 ሜትር ተኩል ጥቂት ያነሰ ነው። በሩ በአንድ ጫፍ ብቻ፣ መቀርቀሪያው በውጭ። ከውስጥ እጀታ የለውም። የሠራው ሰው አላጠፋም፤ የጨርቅ ጣቃ «ክፈቱልኝ» አይልም።

ሰው ግን ይላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ከማላዊ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 78 ሰዎች ተገኙበት። 64ቱ ታፍነው ሞተዋል። የተረፉት 14 ናቸው። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የአገሩ ባለሥልጣናት ተናገሩ። በኛ ዕድሜ ያለ ስንቱ ይሆን? በኤርትራም እስረኞች በብረት ኮንቴይነር፣ ቀን እየጋለ ሌሊት እየቀዘቀዘ፣ ይታሰሩ እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ዘገባ መዝግቧል። የኮንቴይነርን ብዙ አገልግሎት የሚዘረዝር ሰው ሱቁንና ካፌውን ጠርቶ እነዚህን ቢዘል፣ ዝርዝሩን አልጨረሰም።

አሁን ወደ «ጎጆ» ልመለስ፤ ያናደደኝ እሱ ቃል ነውና። በኛ ቋንቋ ጎጆ ወጣ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሰው ትዳር ይዞ፣ የራሱን እሳት አንድዶ፣ በሩን ከውስጥ የሚዘጋበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ጎጆ የወጣ ማን ነው? የሕንፃ ሥራ ባለበት ቦታ የሚያድረው ዘበኛና የቀን ሠራተኛ እንጂ ባለ መጽሔቱ አይደለም።

ታላቅ ወንድሜ ዘበኛ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ሳምንት አብሬው አድሬአለሁ። አሠሪው የሰጠው ማደሪያ ሲሚንቶ የሚቀመጥበት ኮንቴይነር ነው፤ አንድ ጥግ ለሲሚንቶው፣ አንድ ጥግ ለሱ። መስኮት ይቆረጥልኝ ቢል «ሲሚንቶው እርጥበት ይገባዋል» ተባለ። ዝናቡ ሲወርድ እርስ በርስ አንሰማማም። ሌሊት ጣራው ያልባል፤ ጠብታው ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ከሁሉም የማልረሳው ግን ሊተኛ ሲል የሚያደርገው ነገር ነው። ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ የበሩ ክፍተት ላይ ያኖራል። በዚያ ብርድ!

«ምነው፣ ብንዘጋው አይሻልም?» አልኩት።

«አንዱ ሰካራም መጥቶ ቢቀረቅርብንስ?» አለኝ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ መልስህን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ። ከመጻፍህ በፊት ግን አንድ ሌሊት መጥተህ እደር። ወንድሜ እንግዳ አይጠላም። ድንጋዩን አብረን እናንከባልላለን።