ሚስትና ልጅ በኋላ የሚላኩ ዕቃ አይደሉም



ይህ ገጽ በዚህ ዙር የግጥም ተራ ነበር። ግጥሙ ለሚቀጥለው ይቆየን። ቤት በመምታት የማንወጣው ጉዳይ ገጥሞናል።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ዩጋንዳዊት ሕፃን አዝላ ከካምፓላ ወደ ናኪቫሌ መጣች። ያዘለችው የአንድ ወንድማችን ልጅ ነው። ወንድማችን አገሩ ከገባ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ልጁ ስምንት ወሩን ይዟል። ቡና አፈላንላት፤ ሕፃኑን ተቀባበልነው፤ ቁርጥ አባቱን ነው አልናት። እሷ ግን ለቡና አልመጣችም። «ለብቻህ ግባ ብላችሁ የመከራችሁት እናንተ ወንድሞቹ ናችሁ። ታዲያ እኛን ማን ያስገባን?» አለች። አስተርጓሚው ቃሏን ሲጨርስ ከመካከላችን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

እውነቷን ነው። «መጀመሪያ አንተ ግባ፤ ቤት ያዝ፤ ሚስትና ልጅ በኋላ ይደርሳሉ» የሚለው ምክር በስደተኛው መካከል ያለ ተቃዋሚ ሲነገር ኖሯል። በካባላጋላና በካንሳንጋ እንጀራ ቤቶች ይነገራል። እዚህ በሰፈራው ውኃ ወረፋ ላይ ይነገራል። ምክሩ ብልህነት ይመስላል፤ ወንድ ልጅ ቀድሞ መንገዱን ቢያይ ምን ይጎዳል? እኛም ይህንኑ ስንል ኖረናል። ዛሬ ግን ምክሩ ስሕተት ነው እንላለን። ስሕተት ብቻም አይደለም፤ ቤት አፍራሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ወንድማችን በፈቃዱ እንደሚመለስ በፎርም ፈረመ። በፎርሙ ላይ የሰፈረው ስም አንድ ነው፤ የሱ ብቻ። የስደተኛ መታወቂያውን አስረከበ። ጋብቻው በሚስቱ ወላጆች ቤት፣ በባጋንዳ ወግ፣ በክዋንጁላ የተፈጸመ ነው። አማቶቹ በደስታ ተቀብለውታል፤ ጎረቤት በልቶ ጠጥቶ መርቋል። በመንግሥት መዝገብ ግን አልሰፈረም። ልጁ ሲወለድ ከጤና ጣቢያ የተሰጠው ብጣሽ ወረቀት የእናቱን ስም ይዟል፤ የአባት ስም ቦታው ባዶ ነው። አባትየው አውሮፕላን ሲሳፈር ልጁ አርባ ቀን አልሞላውም ነበር።

ዛሬ እሱ አዲስ አበባ ሆኖ «ሚስቴ ናት፤ ልጄ ነው» ሲል «ማስረጃ አምጣ» ይሉታል። እሷ ካምፓላ ሆና «ባሌ ነው» ስትል «እሱ ራሱ ይቅረብ» ይሏታል። እሱ ተመልሶ እንዳይቀርብ ስደተኛነቱን ትቷል፤ የመሳፈሪያውም ገንዘብ የለውም። እሷ እንዳትከተለው ወረቀት የላትም። በክፋት የነካቸው ሰው የለም። እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ደንብ ጠበቀ፤ ሦስት ነፍስ ግን በሁለት አገር ተበተነች። አዙሪት ማለት ይህ ነው።

«ምን ይደረግ፤ ሕግ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ሕጉን ገልጠን እንይ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ ነው ብሏል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም ይህንኑ አጽንቷል። እናት ትሁን አባት አላበላለጠም፤ ጎንደር ይወለድ ካምፓላ አልጠየቀም። እንግዲህ ይህ ሕፃን ኢትዮጵያዊ የሆነው በተወለደባት ሰዓት ነው። ወረቀቱ ምስክር ነው እንጂ ፈጣሪ አይደለም። ልጁ ዜግነት ስጡኝ ብሎ አልለመነም፤ ያለኝን መዝግቡልኝ ነው የሚለው።

«ዩጋንዳዊም ነው እኮ» ይሉናል። አዎን፣ ነው። የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት (1995 እ.ኤ.አ.) በአንቀጽ 10 በትውልድ ዩጋንዳዊት ከሆነች እናት የተወለደውን ልጅ ዜጋ ያደርገዋል። የኛው አዋጅ ጥምር ዜግነትን አይወድም። ነገር ግን በአንቀጽ 20 እንዲህ ላለው ልጅ ጊዜ ሰጥቶታል፤ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ያስታውቅ ነው ያለው። ሕጉ ምርጫውን ለጎልማሳው አቆየ። በ18 ዓመቱ ምረጥ የተባለውን ልጅ ጡት ሳይጥል ምረጥ የሚል ሹም ሕጉን አላነበበም፤ ወይም አንብቦ ደብቆታል።

ወደ እናቲቱ እንምጣ። ሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባችውን የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት ያደርጋት ነበር። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን «ድሮ ቀላል ነበር» ብለው ያንን ይናፍቃሉ። እኛ አንናፍቅም። ያው ሕግ በውጭ አገር ባዕድ ያገባችውን ኢትዮጵያዊት፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት ካሰጣት፣ ከኢትዮጵያዊነቷ ያስወጣት ነበር። ወንዱ ሚስቱን ያስገባል፤ ሴቲቱ ራሷ ትወጣለች። በመካከላችን ዩጋንዳዊ ያገቡ እኅቶች አሉ፤ ለነሱ የማይሆን ሕግ ለኛም አይሆንም።

የ1996ቱ አዋጅ ባልንም ሚስትንም እኩል አድርጎ ይጠይቃል፤ ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁነው፤ አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ይኑር፤ የቀድሞ ዜግነቱን ይልቀቅ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ሕጉ ራሱ «ገብተሽ አንድ ዓመት ኑሪ» ይላል። ሳትገባ እንዴት ትኑር? ዜግነት እስክታገኝ እንደ ዜጋ ሚስት መግባቷንና መኖሯን ሕጉ አስቀድሞ አስቦታል ማለት ነው። በሩ ላይ የሚከለክላት እንግዲህ የሚቃወመው እኛን ሳይሆን ሕጉን ነው።

ሚስቱ ኮንጎያዊት ስደተኛ ለሆነችው ወንድማችን ነገሩ ይብሳል። በዩጋንዳ ምድር መወለድ ብቻውን ለልጁ ዜግነት አያሰጥም። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ወላጁ ወይም አያቱ በዩጋንዳ ስደተኛ የነበረን ሰው በመወለድ ከሚገኘው የመመዝገብ መብት አውጥቶታል። የአባቱ ስም በመዝገብ ካልሰፈረለት የአባቱን አገር በምን ያስረዳል?

ስለ ስምም አንድ ነገር እንበል፤ ትንሽ መስሎ ብዙ ሰው ያንከራትታልና። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አባት ተስፋዬ ከበደ ቢባል ልጁ ዳዊት ተስፋዬ ነው፤ ሚስት በራሷ ስም ትኖራለች። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሦስት የማይገጥሙ ስሞች ያይና «እነዚህ ምንና ምን ናቸው?» ይላል። ባጋንዳም ቢሆኑ በወጋቸው ለልጅ ከጎሣው ስም ያወጡለታል እንጂ የግድ የአባቱን አያወርሱትም። ስለዚህ ማስረዳት ይቻላል፤ ግን ለማስረዳት አባት በቦታው መኖር አለበት። ለብቻው የሄደ አባት ከአዲስ አበባ ሆኖ ስሙን ሊያስረዳ አይችልም።

«ይህ የኛ የሐበሾች ጣጣ ነው» የሚል ቢኖር ካምፓላን ይጠይቅ። ነሐሴ 1972 (እ.ኤ.አ.) ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀን ውጡልኝ አለ። በብዙ ቤት ሚስት የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዛ ባል የማንም አገር ዜጋ ሳይሆን ቀርቶ ተገኘ። ሚስትና ልጆች ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ባሎች በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ወደ ተዘጋጁ መጠለያዎች ተላኩ። የእንግሊዝ ደንብ ሚስት ባሏን ትከተል እንጂ ባል ሚስቱን አይከተልም ይል ነበርና። «በኋላ ትገናኛላችሁ» የተባሉት እስከ 1974 የጠበቁ አሉ። ደንቡ ለዘብ ብሎ እንደገና ጠበቀ። ሦስት ሴቶች ከሰው በ1985 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሴቶቹ በጾታቸው ተበድለዋል ብሎ ፈረደ። የእንግሊዝ መንግሥት መልስ ምን ሆነ? ለባሎች በሩን በመክፈት ፈንታ እገዳውን ለሚስቶችም አደረገው። እኩልነት ተብሎ የመጣው እኩል የተዘጋ በር ነበር። እኛ እኩል ይሁን ስንል እንዲህ ያለውን አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሂስ ያለ ግለ ሂስ አያምርም።

ብዙዎቻችን ጋብቻችንንም ልጃችንንም ያላስመዘገብነው ከፍርሃት ነው። «ወረቀት ከነካሁ ስደተኛነቴ ይሰረዛል» እንላለን። በ1951 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1 ወዶ ወደ አገሩ ጥበቃ የተመለሰ ስደተኛነቱ እንደሚቀር መደንገጉ እውነት ነው። የብሔራዊ ፓስፖርት ጠይቆ ማውጣት እንደዚያ ሊያስቆጥር ይችላል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመመሪያ መጽሐፍ በአንቀጽ 121 የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት የመሰለውን ከአገር ባለሥልጣን ማውጣት ወደ ጥበቃው እንደ መመለስ አይቆጠርም ይላል። ይህ ከኤምባሲ ለሚወጣው እንኳ ነው። ከዩጋንዳ መሥሪያ ቤት የሚወጣው ደግሞ ከነጭራሹ አይነካንም። ኤምባሲ ደጅ ለመቆም ለሕይወቱ የሚፈራ ወንድም አለ፤ በሱ አንፈርድም። እኛ የምንወቅሰው የማያስፈራውን የፈራንበትን ነው።

ሁለተኛው ጥፋታችን ይከብዳል። እነዚህን ሴቶች «የስደት ሚስት» እያልን ስንጠራ ኖረናል። የስደት ሚስት ማለት ስደት ሲያበቃ የምታበቃ ማለት ነው? ወንድማችን በወባ ሲንቀጠቀጥ ያስታመመችው እሷ ናት። ዩጋንዳ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አስጠግታለች፤ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ እንድንሠራና እንድንዘዋወር ፈቅዳለች። የሠራና የተዘዋወረ ሰው ማግባቱ አይቀርም። ቆጮ ያለ ወጥ እንደማይበላ ኑሮም ያለ ሰው አይኖርም። የምክራችን ሥር እንግዲህ ብልህነት ብቻ አልነበረም፤ ንቀትም ነበረበት። ሐበሻ ብትሆን ኖሮ «ትተሃት ግባ» ባላልነው ነበር።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።

አንደኛ፤ ለራሳችን። ያገባ ያስመዝግብ። በዩጋንዳ ሕግ በወግ የተፈጸመ ጋብቻ ሥርዓቱ ካለቀ በ6 ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅም ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት ከተደረገ ይቀበለዋል። የጤና ጣቢያ ብጣሽ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ የሁለቱም ወላጅ ስም ሰፍሮበት ምስክር ወረቀቱ ይውጣ። ይህ የሚመለስም የማይመለስም ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ ተመላሽ ለሚመዘግቡ። ሚስትና ልጅ አለህ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ አታስፈርሙ። አለኝ ካለ በአንድ ፎርም ላይ ሦስቱም ስም ይስፈር፤ የእናቲቱ መግቢያ ሳያልቅ የአባትየው መታወቂያ አይወሰድ። ወንድሞችም ያለዚያ አንፈርምም በሉ።

ሦስተኛ፤ ለአገራችን ሹማምንት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። በአንቀጽ 5 የተመለሰ ስደተኛ የዜጋ መብቱ ሁሉ ይሰጠው፣ በመሰደዱም አይቀጣ ይላል። ስለ ባዕድ ሚስት ያለው ነገር የለም። ነገር ግን ከሚስቱና ከልጁ ተለይቶ የሚኖር ሰው ካልተቀጣ፣ ቅጣት ምንድን ነው? የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ያለ ቪዛ እንዲገባ ተፈቅዶለታል። አንመቀኘውም። የሌላ አገር ዜጋ ሳይሆን የኖረው ስደተኛ ልጅ ከዚያ ያነሰ አይገባውም።

ለመጣችው እናት ያደረግነውን እንንገራችሁ። በክዋንጁላው ቀን የነበሩ አራት ሰዎች የምስክርነት ቃላቸውን በፊርማ ሰጥተዋል። ለወንድማችን አባትነቱን በጽሑፍ አረጋግጦ እንዲልክ ደብዳቤ ሄዶለታል። ሁለት ሰዎች ሰኞ ከሷ ጋር ካምፓላ ይወርዳሉ፤ መስኮት ለመስኮትም አብረዋት ይቆማሉ። ይሳካ ይሆናል፤ ላይሳካም ይችላል። ያበላሸነውን ማቃናት ግን የኛ ዕዳ ነው።

ይህን ገጽ ያነበብክ፣ ያነበብሽ፣ ፎርም ሊፈርም የተዘጋጀ ሰው ካወቃችሁ ከመፈረሙ በፊት አድርሱለት።