የጠጉር ቤት ሠራተኞች ጤና ይታሰብበት



ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ለመውሰድ አንድ የሴቶች ጠጉር ቤት ገብቼ ጥቂት ደቂቃ ብቆይ ዓይኔ አነባ፤ ጉሮሮዬንም ከረከረኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ ኬራቲን የተባለው ማለስለሻ በካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ጢስ ነው አሉኝ። ከእንዲህ ያሉት ማለስለሻዎች ብዙዎቹ ሲግሉ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፎርማሊንም የሚሠራው ከዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ጋዝ በ1996 ዓ.ም. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል።

እኔ ወዲያው ወጣሁ፤ ሠራተኛይቱ ግን ብርድ ይገባል ተብሎ መስኮቱ በተዘጋበት ክፍል ከጧት እስከ ማታ ትተነፍሰዋለች።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና ስለ አደጋው እንዲያስተምር ያዝዛል። ስለዚህ የጎደለው ሕግ ሳይሆን ተከታትሎ የሚያስፈጽም ነው። ፈቃድ የምንሰጥና የምናድስ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ግብሩ እንደምንጠይቅ ሁሉ ስለ አየር መውጫውና ስለ ጓንቱም እንጠይቅ። ደንበኞችም መስኮቱ እንዲከፈት እንጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይታሰብበት።

አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከአዲስ አበባ